የፈረስ ቤት ተማሪ ምን ይጻፍ?

በመረብ የተሳሰረ ትምህርት ሲባል፣ ተማሪው በአንድ መምህርና በአንድ መጽሐፍ ሳይወሰን በየቦታው ከሚገኙ ሰዎችና ጽሑፎች ጋር ራሱ ግንኙነት እየፈጠረ፣ የሚማረውንም ነገር የሚማርበትንም መንገድ ራሱ እየመረጠ እውቀት የሚገበይበት ሥርዓት ማለት ነው። በካናዳ ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ሲመንስና ስቲፈን ዳውንስ ይህን ሐሳብ አደራጅተው ጽፈውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በኩል በኢንተርኔት በሰጡት ኮርስም ከፍለው ከተመዘገቡት 25 ያህል ተማሪዎች በተጨማሪ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች በነፃ ተሳትፈዋል። በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት ወረዳ፣ በፈረስ ቤት ከተማ ሆኖ ይህን ሐሳብ ለሚመረምር ሰው ግን ከካናዳው ኮርስ ቀድሞ የሚታየው የጎጃም ቅኔ ቤት ነው።

በቅኔ ቤት ተማሪው ግሥ ካወረደ በኋላ ከሁሉ አጭር በሆነው፣ ሁለት ቤት ብቻ ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። የትምህርቱ ልብ ያለው ግን በዕለቱ ውሎ ላይ ነው። ቅኔ ቆጠራ በሚባለው ሰዓት እያንዳንዱ ተማሪ ከጉባኤው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ያልተናገረውን አዲስ ቅኔ ለማበጀት ያወጣል ያወርዳል። ነገራ ሲደርስም ያበጀውን በቃሉ ለመምህሩ፣ ተማሪ በበዛበት ጉባኤ ደግሞ አስነጋሪ ለሚባለው ለገፋው ተማሪ ያሰማል፤ ቤቱ ቢጎድል፣ ምሥጢሩ ቢፋለስ ወይም አገባቡ ባይሰምር እዚያው ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። በዚህ አሠራር የአንዱ ስሕተት ለሰሙት ሁሉ ትምህርት ይሆናል፤ ትናንት የታረመው ተማሪም ሲገፋ በተራው አራሚ ይሆናል። መምህሩን የሚመርጠውም ተማሪው ነው፤ የጎንጅን ስልት የቀሰመ ወደ ዋሸራ፣ ከዚያም አልፎ ወሎ ዘልቆ ወደ ዋድላ ይሻገር ነበር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩት በዚሁ የዝውውር ልማድ ነው።

ይህ ሲባል ግን የቆሎ ተማሪን ረኀብ፣ የውሻ ንክሻና የደበሎ ብርድ እንደ በጎ ነገር ማየት አይገባም፤ ሥርዓቱ ለሴቶች ልጆች በሩን ዘግቶ መኖሩም እውነት ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው በፈንጣጣ የጠፋው ገና በልጅነታቸው ሲሆን፣ ከአባታቸው ተምረው የአባታቸውን የቅኔ ጉባኤ በመምህርነት መቀጠላቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት ይነገራል፤ አድናቆቱ ራሱ እንዲያ ያለ ዕድል ለስንት ሴቶች እንደተነፈገ ያሳያል። ከቅኔ ቤት መወረስ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ተማሪው በየዕለቱ አንድ ነገር አበጅቶ ለእርማት የማቅረብ ግዴታው ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት የጎደለው ይኸው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት መሠራጨት የጀመረው፣ በተለምዶ ፕላዝማ የሚባለው ትምህርት በእንግሊዝኛ እየፈሰሰ ሲያልፍ፣ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ ለክፍሉ መምህርም የተተወለት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ለልጆች ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ ሳጥኑን ራሳቸው ከፍተው፣ መክፈቻውን ፈልገው አግኝተው፣ በወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እስከ ማስከፈት ደርሰዋል። ውጤቱ የልጅን የመመራመር ችሎታ የሚያስመሰክር፣ በእውነትም የሚያስደስት ነው። ሆኖም በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየመጣ የሚለውጠው ሚሞሪ ካርድ ይዞ የሚሄደው ልጆቹ ታብሌቱን እንዴት እንደተጠቀሙበት የሚያሳየውን መዝገብ ነበር፤ ልጆቹ ስለ መንደራቸው የሚያውቁት ነገር በካርዱ ተጉዞ ሌሎች ልጆች ዘንድ እንዲደርስ አልታሰበም።

የዛሬው የማትሪክ ተፈታኝ በቴሌግራም ቻናል የሚያገኘው ፒዲኤፍ፣ ሾርት ኖትና የቀድሞ ፈተና ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ መጽሐፍ ላልደረሰው ተማሪ ብቸኛ መጽሐፉ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር እንዲህ ያለውን እገዛ ማጣጣል ነውር ነው። ይሁን እንጂ ፋይል የሚያወርድ ተማሪ ሁሉ በመረብ ተሳስሮ ይማራል ማለት አይቻልም፤ ጥያቄውን የማያቀርብበት፣ የተሳሳተውን መልስ የማያርምበት ቻናል ከፕላዝማው የሚለየው በኪስ በመያዙ ብቻ ነው።

ተማሪው ጽፎ የሚታረምበት፣ ሌላውንም የሚያርምበት ክፍት ቦታ ውክፔዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ይህ የጋራ መዝገበ ዕውቀት ማንም ሰው ጽሑፍ እንዲጨምርና እንዲያርም ይፈቅዳል፤ የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክም ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው ከ15 ሺህ ብዙም አይርቅም፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አያልፉም። ይህን ክፍተት የፈረስ ቤት፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ተማሪዎች ሊሞሉት ይችላሉ፤ የደጋውን የገብስ ዝርያዎች ስም፣ የምንጮችንና የአድባራትን ታሪክ፣ ደጋው ከወይና ደጋው ጋር በገበያ የሚለዋወጠውን እህል ከእነርሱና ከወላጆቻቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እንቅፋቱ ግን ከባድ ነው። ውክፔዲያ ያልታተመ ነገር እንደ ምንጭ አይቀበልም፤ የደጋ ዳሞት እውቀት ደግሞ በአብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በህንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን ቀርጾ እንደ ምንጭ ለመጠቀም ሙከራ ቢደረግም ደንቡ አልተለወጠም። መውጫው መንገድ አማርኛ አስቀድሞ ያወቀው ነው፤ ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው መጽሐፈ ትዝታን አሳትመዋል፤ በዚያም ከመምህር ወደ መምህር የተዘዋወሩት ሊቅ ቃል ማንም ሊጠቅሰው የሚችል ጽሑፍ ሆኗል። ይህ ሥራ በትንሹ በትምህርት ቤት ሊደገም ይችላል፤ ተማሪው የአያቱን ቃል በስልክ ቀድቶ ይገለብጣል፣ ጓደኛው ከድምፁ ጋር አስተያይቶ ያርማል፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ወረዳው አጠራቅሞ በመጽሔት ያሳትማል፤ ከዚያ በኋላ ሊጠቀስ የሚችል የታተመ ምንጭ ይኖራል።

ኢንተርኔት የለም ተብሎ ይህ ሥራ መቆም የለበትም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ አካባቢዎች የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ልጆችን ከዓለም የለየው ይህ መቋረጥ በክልሉ ከተነሣው ጦርነት ጉዳት ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ የአማርኛው ውክፔዲያ ሙሉውን በአንድ ሚሞሪ ካርድ ይያዛል። አንድ ሰው ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ሲወርድ የተማሪዎቹን የታረመ ጽሑፍ ይዞ ሄዶ ይጭናል፣ አዲሱን ቅጂ ይዞ ይመለሳል። የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲወጡ የመጀመሪያዎቹ አስነጋሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን አስነጋሪዎቹ ባለፈው ዓመት ጽሑፋቸው የታረመላቸው የአሥረኛ ክፍል ልጆች መሆን አለባቸው፤ ከእነርሱም ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ።