እርከኑ ተቆጠረ፣ ውሃውስ?

የዘመቻ ሪፖርት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰምተን ጠግበናል። በየዓመቱ በበጋው ወራት የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ዶማውን ይዞ ተራራ ይወጣል። ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቦረቦሩን በክትር ይዘጋል። ዘመቻው ሲያልቅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሺህ የችግኝ ጉድጓድ ተብሎ ይነበባል። ይጨበጨባል። ከዚያ ወደ ቤት።

ሥራውን ልናናንቅ አይደለም። (እንዲህ ስንጽፍ «እናንተ ልማት አትወዱም» የሚሉን ወዳጆች አሉን።) በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ድሬዳዋ ላይ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውሃው የመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነበር። ተራራው ሲራቆት ዕዳውን የሚከፍለው ቆላው መሆኑን ያን ሌሊት አይተናል። እርከን ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

የእኛ ጥያቄ ከእርከኑ በታች ስላለው ጅረት ነው። አፈሩ ሲያዝ ውሃው ይጠራል፤ ይሄ በዓይን ይታያል። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በዓይን አይታይም። መኖሪያው የሰውና የከብት አንጀት ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር ወይም እበት ገብቷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ ነው።

ለምን ይገባል? የሐረርጌን ሰንጋ አስቡት። ደጅ ታስሮ፣ የማሽላ አገዳ እየቀረበለት ነው የሚሰባው። እበቱም ያለው እዚያው ደጅ፣ ከመንደሩ መሀል ነው። በዚያ ላይ የቺሮን፣ የሂርናን፣ የገለምሶንና የበዴሳን የገበያ ቀን ጨምሩበት፤ ያ ሁሉ ሰው የት እንደሚጸዳዳ አትጠይቁን። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ሲጥል የከረመውን ሁሉ ጠራርጎ ጅረት ውስጥ ይከተዋል። ተራራው ላይ የተሠራው እርከን ይህን አይነካውም። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አጠገቡ ውሃ እንዳለም አትርሱ!

ስለዚህ ቁጥሩ የሚወሰድበት ጊዜም ነገር አለው። በጥር ደረቅ ቀን የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ ደስ የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ከዝናብ ማግስት መቅዳት ነው ጉዳዩ። ከዘመቻው በፊትና በኋላ፣ ከከተማው በላይና በታች፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ። እንዲያ ካልሆነ ተሻለ ወይስ ባሰ ለማለት ማነጻጸሪያ አይኖረንም።

«ይሄ የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀጭን ማጣሪያ ያልፋል፣ ማጣሪያው ባክቴሪያው የሚመገበው ነገር ያለበት ትንሽ ሰሃን ላይ ተቀምጦ አንድ ቀን ያህል ይሞቃል፣ በማግስቱ የበቀሉት ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። በቃ። የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንን በየቤቱ አሠርቷል፤ የለኩትም የቤተ ሙከራ ሊቃውንት ሳይሆኑ መጠይቅ የሚያስሞሉት ሠራተኞች ነበሩ። አብዛኛው ቤተሰብ የሚጠጣው ውሃ ኢ. ኮላይ እንዳለበትም ታወቀ። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ቺሮ ነው። ተማሪ አለ፣ ጅረት አለ፣ መንገዱም በእግር ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኛ የምንጠረጥረው ፍርሃቱን ነው። ቁጥሩ መጥፎ ቢወጣስ? ከሪፖርቱ ጋር ቢጣላስ? ኮሌራን ስሙን ላለመጥራት «አተት» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ስሙን ስላልጠራነው ግን አልቀረልንም፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ሐረና ቡሉቅ ላይ ብቅ ያለው ኮሌራ እዚያው አልቆመም። የጨርጨር ተራሮች ውሃቸውን በአንድ ወገን ወደ አዋሽ፣ በሌላው ወደ ዋቤ ሸበሌ ነው የሚልኩት። እዚህ ያልተለካ ውሃ ታች የሚጠጣው ሰው አለ።

የምንጠይቀው በሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ነው፦ ከእርከኑ ኪሎ ሜትር ሥር፣ የጅረቱ የኢ. ኮላይ ቁጥር፣ አምና እና ዘንድሮ። ገበሬው ለደከመበት ተራራ ይህ ይበዛበታል? ቺሮ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በሚመጣው በልግ ጠርሙስ ይዛችሁ የምትወርዱ ካላችሁ ጻፉልን። ቁጥሩ ቢያምርም ባያምርም እንዳለ እናወጣዋለን።