ለሴት ልጅ የወንድ ስም ማውጣት ይጠቅማልን?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። መልአኩን ለመክሰስ ድፍረቱ የለንም። ሆኖም በምግብ አዳራሹና በመኝታ ቤቶቹ ደጃፍ ሲካሄድ የሰነበተው ክርክር የእርሱን ሥራ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ዝም ብለን ብናልፈው አንባቢዎቻችን ይታዘቡናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለምትወለድ ሴት ልጅ የወንድ ስም፣ ወይም ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም፣ ማውጣት ይገባል ወይስ አይገባም? አንደኛው ወገን «ሴት መሆኗ ከስሟ ካልታወቀ ማመልከቻዋ ከክምሩ ውስጥ ተለይቶ አይጣልም፤ ስለዚህ ይጠቅማታል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ይህማ ቋንቋን ማበላሸት፣ ባህልንም ማፍረስ ነው» ብሎ ይቆጣል። እኛ ከሁለቱም ጋር አልተስማማንም።

አስቀድመን ለተቆጡት እንመልስ። ለሁለቱም ጾታ የሚሆን ስም ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ አይደለም። ራስ ደስታ ዳምጠው ጦር የመሩ መኮንን፣ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ሊቅ ነበሩ፤ ደስታ የምትባል ልጃገረድ ግን በየሰፈሩ ሞልታለች፤ የሚደነቅባትም የለም። ሙሉ፣ ብርሃኔ፣ በረከት፣ ብዙአየሁ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ፣ በ2012 ደግሞ በለንደን በ5,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ስታጠልቅ፣ «ይህ የወንድ ስም ነው የሴት?» ብሎ የተከራከረ አልሰማንም። «ምሕረት የሴት ስም ነው» የሚል ቢኖርም ዶክተር ምሕረት ደበበ ወንድ ናቸው። ከዚህም ከፍ እንበል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይባሉ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክም የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ደግሞ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ናቸው። ያው አንዱ የግዕዝ ቃል ለነገሥታቱም ለፕሬዚዳንቷም በቅቷል። ቋንቋው ሲፈርስ ግን አላየንም።

እንዲያውም ድንበሩን ያሰመረው ቋንቋው ሳይሆን ልማዳችን መሆኑን ለማየት የሚሻ ሰው «አየሁ» በሚለው ቃል የሚያልቁትን ስሞች ይመልከት። «አየሁ» በአንደኛ መደብ የተነገረ ስለ ሆነ ወንድ ወይም ሴት የሚል ምልክት የለበትም፤ አየሁ ባዩም ወላጁ እንጂ ሕፃኑ አይደለም። ታዲያ ዓለማየሁ ለወንድ ተሰጠ፤ እጅጋየሁ ለሴት ተሰጠች፤ ብዙአየሁ ለሁለቱም ቀረ። ዓለምን ማየት ለወንድ፣ እጅግ ማየት ለሴት ብሎ የደነገገ የሰዋስው መምህር ማን ነው? የሚያውቅ ቢኖር ይጻፍልን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ያሳሰበን አንዲት ልጅ ደስታ ወይም ብርሃኔ መባሏ ሳይሆን ለወንድና ለሴት ስም ስናወጣ የምንመርጠው የቃል ዓይነት ነው። ወንድ ሲወለድ ግስ እንሰጠዋለን፤ ያውም የትእዛዝ ግስ። ግዛቸው፣ በላቸው፣ ናደው፣ ደምሰው ይባላል። ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ጠላት ተመድቦለት ዘመቻ ይታዘዛል ማለት ነው። ሴት ስትወለድ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጌጥ ሣጥንና ወደ አትክልት ቦታ እንሄዳለን፤ አልማዝ፣ ወርቅነሽ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ አበባ። (አልማዝ ከድንጋይ ሁሉ የጠነከረ መሆኑን ወላጆች አስበውበት ከሆነ እንመሰግናቸዋለን፤ አልማዝ አያና እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ሪከርድ ስትሰብር ትርጉሙን አስረድታለች።) ከሁሉ የሚገርመን የአበባው ነገር ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ የሮጠው የአበባን ስም ይዞ ነው፤ የሳቀበት ግን የለም። ምክንያቱም እርሱ «አበበ» ነው፤ ማበቡ የራሱ ሥራ ነው። እኅቱ ብትኖር «አበባ» ልትባል ትችል ነበር፤ ያን ጊዜ ሥራው የእርሷ መሆኑ ቀርቶ እርሷ የሌላ ሰው መቀነሻ ወይም መሸለሚያ ትሆናለች።

«ለሴትም እኮ ትእዛዝ መስጠት ይቻላል» ይሉን ይሆናል። ይቻላል፤ ነገር ግን ጆሯችን ምን ያህል እንደ ተበላሸ ለማየት ግዛቸው የሚለውን ስም ወደ ሴት እንለውጠው፤ ግዢያቸው። ወንዱ «ግዛቸው» ሲባል አገር እንዲገዛ የታዘዘ ይመስለናል። ሴቷ «ግዢያቸው» ስትባል ግን ዘንቢል አንጠልጥላ ሽንኩርት ልትገዛ ወደ ገበያ የተላከች ሆና ትሰማናለች። ግሱ አንድ ነው፤ የለየው የእኛ ጆሮ ነው።

ስለዚህ «እንግዲያውስ የወንዱን ስም ትውሰድ» የሚሉትን ወዳጆቻችንን ስሜት እንረዳለን። ነገር ግን ይህ መድኃኒት ከበሽታው የተቀዳ ይመስለናል። በብዙ የአገራችን ክፍል የቆየ አንድ ልማድ አለ። ልጆቿ የሚሞቱባት እናት አዲስ የወለደችውን ወንድ ልጅ እንደ ሴት ታለብሰዋለች፤ «አንቺ» እያለች ትጠራዋለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሞትና ዓይን የሚፈልጉት የተወደደውን ነው፤ ሴት መስሎ ካያቸው ንቀውት ያልፋሉ። አሁን የቀረበልን አዲሱ ምክር ደግሞ ቀጣሪን ለማታለል ሴቷን በወንድ ስም እንጥራት የሚል ነው። ሞትን ለማታለል ወንዱ ሴት ይባላል፤ አለቃን ለማታለል ሴቷ ወንድ ትባላለች። አንባቢ ሆይ፣ በሁለቱም ጊዜ የረከሰችው ማን እንደ ሆነች አስተውል። ጎበዝ የሆነችውን ተማሪ «ይህችማ ወንድ ናት» ብለን ስናመሰግንም የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ ምስጋናውን ለእርሷ ሰጥተን ክብሩን ለወንዱ እናስቀራለን።

ሌላም ዓይነት አለ፤ እርሱ ደግሞ የከፋ ነው። አባት ወንድ ልጅ ሲጠብቅ ኖሮ ስሙን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ሴት ስትወለድበት የተዘጋጀውን ስም ሳይለውጥ ያወጣላታል። ወይም ከእርሷ በፊት የሞተ ወንድም ቢኖራት ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኬ ትባላለች። ወላጅ በሐዘኑ አይወቀስም። ልጅቱ ግን በየቀኑ ስሟ በተጠራ ቁጥር የመጣችው በሌላ ሰው ቦታ መሆኑ ይነገራታል። በእነዚህ ስሞች የሚጠሩ ወንዶችም መኖራቸውን እናውቃለን፤ ነገር ግን ወንዱ ቢያንስ የተጠበቀው ወንድ ነው።

ይልቁንስ ቋንቋችን ራሱ ያዘጋጀውን መንገድ ለምን እንዘነጋዋለን? አማርኛ ብርቱውን ግስ ሁሉ ለሴትም ይሰጣል፤ ከበደች፣ አየለች፣ ላቀች፣ አሰለፈች። አሰለፈች ማለት ሰልፍ ያስያዘች፣ ሠራዊት ያቆመች ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የጦር አዛዥ ስም የት ይገኛል? ወይዘሮ ከበደች ስዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከተገደሉ በኋላ በሸዋ አርበኞችን እየመሩ የተዋጉት የወንድ ስም ሳይበደሩ ነው። «ከበደች» ያላቸው ሰው ክብደቱን በሴት አንቀጽ ተናገረው፤ ክብደቱም አልቀነሰም። ይህን የመሰሉት ስሞች ዛሬ «የባላገር» ተብለው እየተናቁ ነው። ትርጉማቸው በውል የማይታወቅ ለስላሳ ስሞች በየከተማው ሲበዙ፣ አየለችን ለልጁ የሚያወጣ ወጣት አባት ፈልገን አላገኘንም።

ማመልከቻን ስለ መደበቅ የተነሣውን ነገርም በአጭሩ እንመልከተው። በአገራችን ሴት ልጅ ሦስት ስም ይዛ ትመዘገባለች፤ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን። ከሦስቱ ሁለቱ ከመጀመሪያውኑ የወንድ ናቸው። የወንድ ስም የሚያስከብር ቢሆን ኖሮ እኅቶቻችን እስካሁን ሁለት እጥፍ ይከበሩ ነበር! ደግሞስ በአማርኛ መደበቅ እንዴት ይቻላል? የወረቀቱ ቅጽ ጾታ የሚል መስመር አለው፤ ደብዳቤው ወይዘሪት ብሎ ይጀምራል፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ «ግባ» ወይም «ግቢ» ማለት ግድ ነው። ከዚህ የሚያድነው አንድ ነገር አንቱታ ብቻ ነው፤ «ይግቡ» የሚለው ቃል ወንድና ሴት አይለይም። ቀጣሪዎች አመልካቾችን ሁሉ አንቱ ቢሉ ከማንኛውም የስም ለውጥ ይልቅ ይጠቅም ነበር እንላለን።

መደበቁ ባይሠራም ችግሩ ግን ይተርፋታል። ስሟ ለሁለቱም የሚሆን አንዲት እኅታችን በምዝገባ ሰሞን ከስሟ ተገምታ የወንዶች መኝታ ዝርዝር ውስጥ ገባች። ሻንጣዋን ይዛ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ስትመላለስ ሁለት ቀን ፈጀባት። ጥፋቱ የስሟ አልነበረም። በእጁ የያዘውን የጾታ መስመር ትቶ በስም የገመተው ጸሐፊ ጥፋት ነው። የዝርዝሩ አዘጋጆች ወደ ፊት መስመሩን እንዲያነቡ ማኅበራችን በጽሑፍ ይጠይቅልን።

ስም የሚከለክል መንግሥት ስለሌለን ዕድለኞች ነን። በአይስላንድ፣ እንደ እኛ ሁሉ ልጅ በአባቱ ስም በሚጠራባት አገር፣ አንዲት ልጅ ትርጉሙ ለስላሳ ነፋስ የሆነ፣ በቋንቋው ሰዋስው የወንድ የሚባል ስም ወጥቶላት ነበር። የስም ኮሚቴው አልፈቀደም። ስለዚህ የመንግሥት መዝገብ ለ15 ዓመት ያህል «ልጃገረድ» እያለ ብቻ ሲጠራት ኖረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ በ2019 ደግሞ ስምን በወንድና በሴት የሚከፍለው ሕግ ተሻረ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የለም፤ ስለዚህ ለልጆቻችን የምናወጣው ስም የራሳችን ፈቃድ ነው፤ የምናሳብብበት የለንም።

እስካሁን የጻፍነው ስለ አማርኛ ስሞች ብቻ ነው። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛና ሌሎቹ ቋንቋዎች የየራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው፣ ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለሚቀጥለው ዕትም ቢጽፉልን ቦታ እንሰጣለን።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጁን የመጀመሪያ ስም የመምረጥ መብት ለአባት፣ አባት ከሌለም ለአባት ዘመዶች ሰጠ። ለእናት የፈቀደላት ሁለተኛ ስም መጨመር ነው። ይህ ሁለተኛ ስም በተግባር የት እንደ ቀረ ሁላችንም እናውቃለን፤ «የቤት ስም» ተብሎ ጓዳ ቀረ። ብዙዎቻችን እናታችን የምትጠራን ስም በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ እንኳ ለክርስቲያን ወላጆች 10 ቀን ይተርፋል። በእነዚህ ቀኖች አባት ብቻውን ወደ ቀበሌው ከመሄዱ በፊት እናትየው ለልጇ ያወጣችው ስም ይጠየቅ። ከበደችም ትበላት፣ ደስታም ትበላት፣ ያ ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ፤ ለአባትና ለአያት ከእርሱ ቀጥሎ ሁለት መስመር ተዘጋጅቷልና።