ሕፃን ኮከብ ምን ይመገባል?

ለጥምቀት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኢሉባቦር የምትሄዱ ከሆነ፣ ጨረቃ በሌለችበት አንድ ምሽት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ከመቱም ሆነ ከጎሬ መብራት ጥቂት ራቅ በሉ። ዝናብ በሚበዛበት በዚያ አገር ሰማዩ ጠርቶ የሚታየው በበጋ ነውና ዕድሉ አያምልጣችሁ።

በጥር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቀና ስትሉ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ኮከቦች ታያላችሁ። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ መቀነት ናቸው። ከእነሱ በስተደቡብ ደብዘዝ ብላ የምትታየው ነጥብ ግን የጋዝና የአቧራ ደመና ናት፤ ርቀቷ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በውስጧ ዛሬም ኮከቦች ይወለዳሉ።

አወላለዳቸው እንዲህ ነው። ቀዝቃዛው ደመና በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ መሐሉ እየጠበቀና እየጋለ ኮከብ ይሆናል። ደመናው ስለሚሽከረከር ግን ሁሉም በቀጥታ መሐል አይገባም። የቀረው በኮከቡ ዙሪያ እንደ ምጣድ ተዘርግቶ ይዞራል። ይህ ዲስክ ይባላል፤ ፕላኔቶች የሚሠሩት ከእሱ ነው።

ችግሩ፣ ሳይንቲስቶች የብዙ ዲስኮችን ክብደት ሲገምቱ ፕላኔቶችን ለመሥራት የሚበቃ ሆኖ አላገኙትም። ታዲያ ስንቁ ከየት ይመጣል? በቅርብ ዓመታት ከቀረቡት መልሶች አንዱ ደመናው ራሱ ነው። ከዙሪያው የሚነሱ ረጃጅም የጋዝ ጅረቶች ወደ ለጋ ኮከቦች ሲፈሱ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው አንዱ ጅረት ርዝመቱ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 10,000 ጊዜ ያህል ያጥፋል። ኮከቡ ከተወለደ በኋላም ቀለቡ አይቋረጥም ማለት ነው።

ለልጆች ማስረዳት ከፈለጋችሁ በማግስቱ የሶር ፏፏቴን አሳዩአቸው። ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው ደን ከለበሱት ኮረብታዎች የሚነሱ ጅረቶች ወንዙን ስለሚመግቡት ነው። ጅረቶቹ ቢደርቁ ፏፏቴው ይሳሳል።

የእኛም ፀሐይ የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ከእንዲህ ዓይነት ደመና ተወለደች፤ ምድርም ከዲስኳ ተሠራች። ልጃችሁ «ምድር ከየት መጣች?» ሲላችሁ፣ በጣታችሁ የምታሳዩት ነገር አላችሁ።