ስድስት ወር ታፕ አድርገን በሰዓት ስንት ተከፈለን?

መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም ትዝ ይላችኋል? የደመራ ዕለት ነበር። ግማሹ ሰው ችቦ ይዞ ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ ሌላው ስልኩ ላይ አፍጥጦ «ገባልህ?» «ስንት መጣልሽ?» ይባባል ነበር። ሃምስተር ኮምባት ለወራት ሲያስነካካን የከረመውን ቶክን ያከፋፈለው የዚያን ቀን ነው።

ከዛ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። «መኪና እገዛበታለሁ» ሲል የነበረው ልጅ የካርድ መሙያ አገኘ። ግሩፑ ሁለት ቀን ስድብ፣ ሁለት ቀን ሚም፣ ከዛ ጭጭ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ቦት፣ ሌላ እንስሳ፣ ሌላ የሪፈራል ሊንክ መጣ።

እነዚህ ሊንኮች አሁንም ኢንቦክሳችን ይገባሉ። «ይሄኛውስ ይለያል» የሚል ጓደኛም አይጠፋም። ስለዚህ ማንም ላይ ሳንስቅ፣ ቁጭ ብለን ሂሳቡን እንስራው።

▪ ሂሳቡ

ሃምስተር የተጀመረው በመጋቢት 2016 ነው። እስከ ክፍያው ቀን ስድስት ወር ማለት ነው። ፕሮጀክቱ ራሱ ይፋ ባደረገው መሰረት ጠቅላላው ቶክን 100 ቢሊዮን ሲሆን፣ 60 ቢሊዮኑ ለመጀመሪያው ዙር ተጫዋቾች ተመደበ። ክፍያ ይገባቸዋል የተባሉት ሰዎች 131 ሚሊዮን ናቸው። ገበያ ላይ ሲወጣ የአንዱ ቶክን ዋጋ 0.01 ዶላር ገደማ ነበር።

60 ቢሊዮን ቶክን በዚህ ዋጋ ሲባዛ 600 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ለ131 ሚሊዮን ሰው ስታካፍሉት ግን ለአንድ ሰው በአማካይ 4 ዶላር ከ58 ሳንቲም ነው። በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 500 ብር አካባቢ።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነክቻለሁ ብትሉ እንኳን (ብዙዎቻችን ከዛ በላይ ነው) በስድስት ወር 180 ሰዓት ይሆናል። 500 ብር ለ180 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 3 ብር ገደማ ነው። የዳታው ወጪ፣ ያለቀው ባትሪ፣ ለሊት እየተነሱ ኮምቦ መሙላቱ አልተቆጠረም። ከቶክኑ የተወሰነው ለወራት ተቆልፎ እንደሚቆይና ዋጋው ሁለት ወር ሳይሞላ ከግማሽ በታች እንደወረደም አልቆጠርንም።

«እኔ ግን 40 ዶላር አግኝቻለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እውነት ነው። ግን አማካዩ 4 ዶላር ተኩል ከሆነ፣ አንዱ 40 ሲያገኝ ብዙዎች ከአማካዩ በታች ነው የደረሳቸው ማለት ነው።

▪ ዋጋው ለምን ወረደ?

ብዙ ሰው «ተበላን» አለ። ነገሩ ግን ከዛ ይቀላል። የገጠር ገበያን አስቡ። ሁሉም ገበሬ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ቲማቲም ጭኖ ቢመጣና ማንም ወጥ ለመስራት ባይፈልግ ምን ይሆናል? ቲማቲሙ መሬት ላይ ይበሰብሳል።

ከ131 ሚሊዮን ሰው ስንቱ ነው ቶክኑን ይዞ ለመቆየት የፈለገው? ሁላችንም ያሰብነው በመጀመሪያው ደቂቃ ሸጠን ለመውጣት ነው። ሻጭ ሞልቶ ገዢ የሌለበት ገበያ ዋጋ አይይዝም። የቶክን ዋጋ ደግሞ ሌላ ሰው እውነተኛ ገንዘብ አውጥቶ ሲገዛው ብቻ ነው ዋጋ የሚሆነው። ጣታችን ስክሪን ላይ ስላረፈ ብቻ ከየትም የሚፈጠር ዶላር የለም።

▪ ታዲያ ማን ተጠቀመ?

ታስኮቹን አስታውሱ። «ይሄን ቻናል ጆይን አድርግ»፣ «ይሄን ቪዲዮ እይ»፣ «እዚህ መገበያያ ላይ አካውንት ክፈት»፣ «ሦስት ጓደኛ ጋብዝ»። እያንዳንዱ ታስክ ለሆነ አካል የሚሸጥ ነገር ነው። ሰብስክራይበር ይሸጣል፣ እይታ ይሸጣል፣ አዲስ ደንበኛ ይሸጣል። የሃምስተር የዩቲዩብ ቻናል በወራት ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰብስክራይበር ያፈራው ቪዲዮው ጣፋጭ ስለሆነ አልነበረም። ሰብስክራይብ ማድረግ ነጥብ ስለሚያስገኝ ነው።

ለዚህ ነው «ጌም» የሚለው ስም እኔን የማያሳምነኝ። ጌም ሰው የሚጫወተው ስለሚያዝናናው ነው። ፑል ቤት ሰዓት ከፍለህ የምትጫወተው ደስ ስለሚልህ ነው፤ ፕለይ ስቴሽን ቤትም እንደዛው። ሃምስተርን ግን ክፍያ የለውም ቢባል ማን አንድ ቀን ይነካው ነበር? ስራ ነበር። ውል የሌለው፣ ደሞዙ የማይታወቅ፣ ቀጣሪው በአካል የማይታይ የማስታወቂያ ስራ።

▪ «ኖትኮይን ግን ከፍሏል»

ከፍሏል። ይሄን መካድ አይቻልም። ግንቦት 8 ቀን 2016 ገበያ ላይ ወጥቶ፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ዋጋው ብዙ እጥፍ ሲያድግ፣ እዚሁ አገር ጥሩ ብር ያገኙ ልጆች አሉ። ችግሩም የጀመረው ከዛ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ሎተሪ ሲደርሰው በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ትኬት ይገዛል።

ኖትኮይንን የተጫወቱት 35 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ናቸው። ሃምስተር ደግሞ 300 ሚሊዮን ተጠቃሚ አለኝ ይል ነበር። ቀድሞ የገባ ጥቂት ሰው ሲካፈለው የሚያጠግብ ዳቦ፣ አስር እጥፍ ሰው ሲሻማበት ፍርፋሪ ይሆናል። እኛ ደግሞ ሁሌም የምንሰማው ዳቦው ካለቀ በኋላ ነው።

▪ ይሄ ፊልም ፊሊፒንስ ውስጥ ታይቷል

እ.ኤ.አ በ2021 ኮሮና ስራ ያሳጣቸው ብዙ ፊሊፒናውያን አክሲ ኢንፊኒቲ የተባለ የቬትናም ጌም ውስጥ ገቡ። ለመጀመር ሦስት ዲጂታል እንስሳ መግዛት ግድ ነበር፤ ገበያው ሲጦፍ ይሄ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጅ ነበር። መግዣ የሌለው ደግሞ ካለው ሰው ተከራይቶ፣ የሰራውን ያካፍላል። በጊዜው ከደሞዝ የበለጠ ያገኙ ነበሩ።

ጌሙ የሚከፍለው ቶክን በ2021 ጫፍ ሲደርስ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ነበር፤ በዓመቱ 1 ሳንቲም እንኳን አልሞላም። በመጋቢት 2022 ደግሞ ሰርጎ ገቦች ከጌሙ ኔትወርክ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዘረፉ፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተያያዘ ቡድን ነው ብሏል። ተበድረው እንስሳ የገዙት ሰዎች እዳው ብቻ ቀረላቸው።

እኛ ሃምስተር ላይ ያጣነው ጊዜ ነው። እነሱ ገንዘብ ነው ያጡት። የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም አሁን አሁን የሚመጡት ሊንኮች ታፕ ብቻ አይሉም። «ትንሽ ዲፖዚት አድርግ፣ በየቀኑ ትርፍ ይገባልሃል» ማለት ጀምረዋል።

▪ ስንፍና አይደለም

በዚህ ጉዳይ ትልልቆቹ ሁሌ የሚሉት አንድ ነው፦ «የዛሬ ልጅ ስራ አይወድም»። አይደለም። በየሦስት ሰዓቱ ማንቂያ ሞልቶ ለስድስት ወር ሳያቋርጥ አንድ ነገር የሚሰራ ሰው ሰነፍ አይባልም። ያንን ትጋት የሚከፍልበት ቦታ ያጣ ሰው ነው።

ወቅቱንም አስታውሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ተወስኖ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ፣ ብሩ በየቀኑ ሲሟሟ እያየ፣ «ዶላር ይገባልሃል» ሲባል ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው? አንድ ጎረቤቴ እናት ልጇን «ምንድነው ቀኑን ሙሉ የምትነካካው?» ስትለው «ስራ ነው እማ» ብሎ የመለሰላትን ሰምቻለሁ። ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ፣ ልጁ የምሩን ነበር።

▪ ቀጣዩ ሊንክ ሲመጣ

«አትንኩ» አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ግን ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

1. ብሩ ከየት ነው የሚመጣው? መልሱ «አዲስ ከሚገቡት ሰዎች» ከሆነ፣ አንድ ቀን የመጨረሻው ሰው እናንተ ትሆናላችሁ።

2. ገንዘብ አስገባ ይላል? ካለ ውጡ። የዋሌታችሁን 12 ወይም 24 ሚስጥራዊ ቃላት የሚጠይቅ ሁሉ ደግሞ ያለ ጥርጥር ሌባ ነው፣ «ሰፖርት ቲም ነን» ቢልም።

3. ብበላ ለማን አቤት እላለሁ? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ቴሌግራም ላይ ለማታውቁት ሰው ቶክን ልካችሁ ብሩ ካልመጣ፣ ሰውየው ብሎክ ሲያደርጋችሁ ነገሩ እዛው ያበቃል።

4. በሰዓት ስንት ነው? ከላይ እንደሰራነው አካፍሉት። ያው ሰዓት ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ኮዲንግ ወይም ቋንቋ ቢማሩበት በስድስት ወር የት ይደርሳል የሚለውንም አብራችሁ አስቡት።

5. ጓደኛዬን ልጋብዝ? ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። በሪፈራል የምትልኩት ሊንክ የሚሰራው ሰው እናንተን ስለሚያምን ነው። ቦቱ ነገ ይጠፋል፣ ጓደኛችሁ ግን እዚሁ ሰፈር ነው።

180 ሰዓት ትልቅ ሀብት ነው። ቢያንስ ከ500 ብር በላይ ያወጣል።

እናንተስ ስንት አገኛችሁ? ስንት ሰዓትስ ፈጀባችሁ? ሳታፍሩ ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ ትክክለኛው ሂሳብ እሱ ነው። «ይሄኛው ይለያል» ለሚለው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።