የተጓተተ በጀት ያመለጠ ወቅት ነው

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የገበሬው ዓመት ግን የሚቆጠረው በዝናብና በበጋ ነው። ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ በወረቀት ላይ የጸደቀው ገንዘብ በመሬት ላይ ሳይታይ ያልፋል። በመሆኑም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የበጀትን ጉዳይ ለጽሕፈት ቤቶች ብቻ ትተው መቀመጥ አይገባቸውም። ወደ ወረዳና ወደ ክልል ምክር ቤት የላኳቸውን ተወካዮች ሊጠይቁ ይገባል።

በጀቱ ሥራ ላይ መዋል በሚጀምርበት በሐምሌ ወር በአብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ አካባቢ ዝናቡ ከባድ ነው። መንገድ መጥረግም ሆነ ወንዝ መጥለፍ አይቻልም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚመቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው በጋ ነው። እስከዚያ ጨረታው ወጥቶ ሲሚንቶና ብረት ካልቀረበ፣ ገንዘቡ በሚያዝያ ቢለቀቅም ግንባታው ከክረምቱ ጋር ይጋጠማል። በጅምር የቀረ ጠለፋ በጎርፍ ይወሰዳል፤ ያላለቀ ድልድይም እህል ወደ ገበያ አያሻግርም። ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ የጥቂት ወራት መዘግየት ለገበሬው የአንድ ዓመት ኪሳራ ይሆናል።

በጀት በሦስት ቦታ ሊቆም ይችላል፤ በምክር ቤት ሲጸድቅ፣ ከገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሲለቀቅና ግዥ ሲፈጸም። ከ1995 የበጀት ዓመት አንሥቶ በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ መስጠት በመጀመሩ የወረዳ ምክር ቤት ኃላፊነት ከፍ ብሏል። ከድጎማው አብዛኛው የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ደመወዝ ቅድሚያ ስለሚያገኝ ገንዘብ ሲያጥር የሚጎዳው ሥራ ማስኬጃው ነው። የልማት ሠራተኛው በጣቢያው እያለ ክትባት ማመላለሻ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የበጀት መጓተት በበለጸጉ አገሮችም የደረሰ ችግር ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት አስተዳዳሪውና ሕግ አውጪው ምክር ቤት ባለመስማማታቸው፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2015 እስከ ጁላይ 2017 ድረስ ለሁለት ዓመት ያህል ሙሉ በጀት ሳይጸድቅ ቆይቷል። ያልተከፈለው ዕዳ ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅቶች ሠራተኛ ቀነሱ። በመጨረሻ አስተዳዳሪው ውድቅ ያደረጉትን የገቢ ሕግ ለማጽናት በታችኛው ምክር ቤት 71 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘውም በትክክል 71 ነው። ከእነዚህም 10ሩ የራሳቸው የአስተዳዳሪው ፓርቲ አባላት ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ተወካይ የሚሰጠው ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን ነው። ተወካዩ ድምፁን ለማን ጥቅም እንደሚሰጥ የሚያስታውሰውም የመረጠው ሕዝብ ነው።

በአገራችንም ይህን የመጠየቅ መብት በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ይደነግጋል። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፤ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው፤ ሕዝብም አመኔታ ያሳጣውን ተወካይ ሊያነሳ ይችላል።

ይሁን እንጂ “በጀት ይጨመርልን” የሚል ጥቅል አቤቱታ ፋይዳው አነስተኛ ነው። ጥያቄው ሥራውን በስሙ መጥራት አለበት፤ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ጠለፋ፣ ስንት ብር ተፈቀደ፣ ስንቱ ተለቀቀ፣ ጨረታውስ መቼ ይወጣል? ማኅበሩ በጠቅላላ ስብሰባ ተወያይቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ደብዳቤውም በማኅተም ተደግፎ ለተወካዩ ይድረስ፤ ግልባጩ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ መልስ የሚሰጥበት ቀንም ይጠየቅ። ጊዜው ሁለት ነው፤ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት በግንቦት፣ ከጸደቀም በኋላ መስከረም ሲጠባ። የበጋው ሥራ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ለወቀሳ እንጂ ለሥራ አይረዳም።

“ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” እንዲሉ፣ ያልተጠየቀ በጀት በመዝገብ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች ክረምቱ እንደወጣ የተፈቀደላቸውን ሥራ ዝርዝር በእጃቸው ይዘው ከተወካዮቻቸው ፊት ሊቀርቡ ይገባል።