በተማሪ ቤት መወደድና በተማሪ ቤት መታወቅ

ተማሪ ቤት ገብቶ ያደገ ሰው ሁሉ የማይረሳው አንድ ጓደኛ አለው። ይህ ልጅ ሲስቅ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ ሲያኮርፍ ክፍሉ ሁሉ ዝም ይላል፤ የጫማውን ክር ሳያስር ቢመጣ በማግሥቱ ዐሥር ልጆች የጫማቸውን ክር ፈትተው ይመጣሉ። መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ስም የእርሱ ነው፤ ወላጆችም በየቤታቸው ስሙ ሲነሣ ይሰማሉ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህ ልጅ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ነገር ይመስላል። እኛ ግን ጥያቄው ሰውን ለሥራ የሚመርጡትን ሹማምንትና ልጆችን የሚያስተምሩትን ሁሉ፤ ካህናትም ይሁኑ ሌሎች መምህራን፤ በብርቱ የሚመለከት ነው ብለን እናስባለን።

ምክንያቱም ስለ አንድ ሰው ጠባይ ምስክርነት በተጠየቀ ጊዜ «አብረን ተምረናል፤ በተማሪ ቤት ሳለን ሁሉ ይወደው ነበር» የሚል ቃል በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህም ቃል እንደ ትልቅ ማስረጃ ተቈጥሮ ለሹመትና ለእድገት ሲያበቃ ይታያል። ቃሉ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተውበታል፤ ይኸውም መወደድና መታወቅ ነው። ልጆች የሚወዱት ሌላ፤ ልጆች የሚያዩትና የሚፈሩት ሌላ ሊሆን ይችላል።

እኛም በልጅነታችን እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበረን። ከሁላችንም አስቀድሞ ሲጋራ ያጨሰ፤ ከሁላችንም አስቀድሞ ለልጃገረድ ደብዳቤ የጻፈ፤ መምህሩንም ፊት ለፊት የተናገረ እርሱ ነበረ። በዚያን ጊዜ በዓይናችን ከንጉሥ አያንስም ነበር። በዚያው ክፍል ደግሞ በመስኮት አጠገብ የሚቀመጥ፤ ድምፁ የማይሰማ ሌላ ልጅ ነበረ። ሒሳብ ያልገባው ሁሉ በዕረፍት ጊዜ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ሁለት ልጆች የተጣሉ እንደ ሆነ ሁለቱም ለየብቻ ገመናቸውን ለእርሱ ይነግሩታል፤ እርሱም ለማንም አያወጣም። ሆኖም ስለ እርሱ በቤታችን አንድ ቀን እንኳ አውርተን አናውቅም። ከብዙ ዘመን በኋላ የፊተኛውን በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ አገኘነው፤ ማመልከቻ ይዞ ደጅ ሲጠና ሦስተኛ ወሩ ነበረ። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ ያጫወተን ሁሉ የተማሪ ቤት ነገር ነው፤ ማን ማንን እንደ መታ፤ መምህሩ ምን ብሎ እንደ ተቈጣ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ግን እንዳልኖረበት ሁሉ ዘለለው። የመስኮቱ ልጅ በሌላ ከተማ ይኖራል፤ ሥራውም ከፍ ያለ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ከተማ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ሲፈልጉ ዛሬም ወደ እርሱ ይሄዳሉ ሲባል ሰምተናል።

የሁለት ሰዎች ታሪክ ሕግ ሊሆን አይችልም። ዝነኛ ሆኖ ካደገ በኋላ ለሀገሩ የጠቀመ፤ ጭምት ሆኖ ካደገ በኋላም ለራሱ እንኳ ያልሆነ ሰው አለ። ስለዚህ ነገሩን በብዙ ሰዎች ላይ የመረመሩትን ሊቃውንት መጠየቅ ይሻላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቴ ፕሮፌሰር ጆሴፍ አለንና ባልደረቦቹ 184 ልጆችን ከ13 ዓመታቸው ዠምሮ እስከ 23 ዓመታቸው ድረስ ተከታተሏቸው። ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ወላጆቻቸውንና ጓደኞቻቸውንም ጠየቁ፤ ውጤቱንም በ2014 ዓ.ም. አሳተሙ። በ13 ዓመታቸው ትልቅ ሰው ለመምሰል የሚቸኩሉ፤ ይኸውም ያለ ዕድሜያቸው በፍቅር ነገር የገቡ፤ መልከ መልካሙን ብቻ እየመረጡ ጓደኛ የሚያደርጉ፤ ጥቃቅን ጥፋት በማድረግ የሚኰሩ ልጆች በዚያ ጊዜ በጓደኞቻቸው ዘንድ ከፍ ያለ ስም ነበራቸው። ስሙ ግን ብዙ ዓመት አልቈየም። ሃያ ዓመት ባለፋቸው ጊዜ ከእኩዮቻቸው ይልቅ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ የሚቸገሩ፤ በወንጀልም የሚገኙ ሆኑ፤ ከሰው ጋራ በሰላም ተስማምቶ የመኖር ችሎታቸውም ከሌሎቹ አንሶ ተገኘ።

የዚህን ምክንያት ማስተዋል አስቸጋሪ አይደለም። በ13 ዓመት ሲጋራ መያዝ ያስደንቃል፤ በ16 ዓመት ግን ማንንም አያስደንቅም። ስለዚህ አድናቆትን የለመደ ልጅ ያንኑ አድናቆት ለማግኘት ከዚያ የባሰ ነገር ማድረግ አለበት። እንዲህ እያለ ሲጨምር ሌሎቹ ልጆች በዝግታ ሌላ ነገር ይማራሉ፤ ይኸውም ወዳጅን መያዝ፤ ቂምን መተው፤ የሌላውን ነገር አድምጦ መጨረስ ነው። ይህን የመሰለው ትምህርት በደብተር አይጻፍም፤ ለመማር ግን ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ሳይጠራ ሰው የሚመጣለት ልጅ ሰውን መጥራት አይማርም። ስሙም በጠፋ ጊዜ በእጁ የቀረ ነገር አይኖርም።

በዚያው ዩኒቨርሲቴ የተደረገ ሌላ ምርመራ 169 ልጆችን ከ15 እስከ 25 ዓመታቸው ተከታትሎ ነበር። በ15 ዓመቱ አንድ እውነተኛ የልብ ወዳጅ የነበረው ልጅ በ25 ዓመቱ ጭንቀትና ትካዜ የቀነሰለት፤ ራሱንም የማይንቅ ሆኖ ተገኘ። በብዙዎች ዘንድ የተፈለገው ልጅ ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ በሰው ፊት የመጨነቅ ጠባይ ጨምሮበት ታየ። የልብ ወዳጅ ያለው ሰው ስሙን ለመጠበቅ ዘወትር መትጋት አያስፈልገውም፤ ብዙ ተመልካች ያለው ግን አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ በልጅነት መወደድ ጉዳት ነው የሚል ሰው ቢኖር ትልቅ ስሕተት ይሆንበታል። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በ1957 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከጨረሱት ተማሪዎች መካከል ከሦስት አንድ ያህል፤ ቍጥራቸውም 10,317 የሚሆን ወንዶችና ሴቶች፤ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ኑሮአቸው ሲመዘገብ ኖሯል። ከአንድ ክፍል የቅርብ ወዳጆቻቸውን እስከ ሦስት ድረስ በስም እንዲጠሩ ተጠይቀው ነበር። በ2013 ዓ.ም. የታተመ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ጥናት ወንዶቹን ተመልክቶ እንደ ገለጸው፤ በጓደኞቹ ዘንድ ስሙ አንድ ጊዜ ተጨምሮ የተጠራ ሰው ከ35 ዓመት በኋላ ደመወዙ ከመቶ ሁለት ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። የቤተ ሰቡ ሀብትና የልጁ የአእምሮ ችሎታ በሒሳብ ከተለየ በኋላ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም።

በስዊድን አገርም በስቶክሆልም ከተማ በ1953 ዓ.ም. የተወለዱ ከ14,000 የሚበልጡ ልጆች በ1966 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳሉ «በትምህርት ሥራ ከማን ጋራ መሥራት ትወዳላችሁ?» ተብለው ተጠየቁ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሆስፒታል መዝገብ ሲታይ፤ በዚያን ቀን ማንም ስማቸውን ያልጠራቸው ልጆች በብዙዎች ከተጠሩት ይልቅ በልብ በሽታና በአእምሮ ሕመም በብዛት ሆስፒታል የገቡ ሆነው ተገኙ። ይህ እጅግ የሚያሳስብ ነገር ነው። ስለ ዝነኛው ልጅ እያወራን ሳለ፤ ማንም የማያወራለት ልጅ በዝምታ የሚከፍለውን ዕዳ ያሳየናል።

አንባቢ ሆይ፤ የጥያቄዎቹን ልዩነት ልብ በል። በዊስኮንሲንና በስቶክሆልም የተጠየቀው ወዳጅህ ማን ነው፤ ከማን ጋራ መሥራት ትወዳለህ የሚል ነው። ማን ዝነኛ ነው ተብለው የተጠየቁ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሌላ ስም ነው፤ እንዲያውም በዝና የሚጠራው ልጅ በብዙዎች የሚወደድ፤ በብዙዎችም የሚጠላ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርኮስ ስለ አቴናዊው አልኪብያዲስ የጻፈው ታሪክ ለዚህ ነገር እንደ መስተዋት ነው። አልኪብያዲስ በልጅነቱ መልኩ ያማረ፤ ንግግሩ የሚማርክ፤ ወገኑም ትልቅ ነበረ። ዋሽንት መንፋት የሰውን መልክ ያበላሻል ብሎ እንቢ ባለ ጊዜ የቀሩት የጨዋ ልጆች እርሱን ተከትለው ዋሽንትን ተዉ፤ ከዚህም የተነሣ ዋሽንት ከጨዋ ልጆች ትምህርት ወጣ ይባላል። የልጆቹን ጨዋታ እንዲህ የመራ ሰው በጐለመሰ ጊዜ ከተማይቱን በዚያው መንገድ መራት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት አቴናውያን የእርሱን ቃል ሰምተው ወደ ሲኪልያ ዘመቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሠራዊታቸው በዚያ ጠፋ። እርሱ ግን በክስ ምክንያት ሸሽቶ ቀድሞ ወደ ጠላታቸው ወደ ስፓርታ ገብቶ ነበር። ከዚያም ወደ ፋርስ ሹም ሄደ፤ ደግሞ ወደ አቴና ተመለሰ፤ እንደ ገናም ወጣ፤ በመጨረሻ በ404 በፍርግያ አገር ተገደለ። ጀግንነትና ብልሃት አልጐደለውም፤ የባሕር ውጊያም አሸንፏል። ነገር ግን ከልጅነቱ ዠምሮ የተከተለው ሰው እንጂ የመለሰው ሰው አልነበረም፤ ሶቅራጥስ ብቻ ይገሥጸው ነበር፤ እርሱንም አልሰማውም።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደጉ ሊቃውንት እንደሚያውቁት፤ በቆሎ ተማሪዎች መካከል ክብር የሚገኝበት መንገድ ጠባብ ነበረ። ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስተምራል፤ ምሽት ላይ ያለፈውን ቃል ያስጠናዋል፤ ለምኖ ካገኘው ቍራሽም ያካፍለዋል። በዚያ ቤት ስሙ የገነነ ልጅ እንዲያው የታየ ልጅ ሳይሆን ለሌላው ትምህርት የሰጠ ልጅ ነው። በዚያ ቤት ጕልበተኛም ቀማኛም የለም ማለታችን አይደለም፤ የወጡበት ሁሉ ያውቁታል። ዝናውና ርዳታው ግን በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህ ገመድ ላልቷል። ከስድሳ በላይ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል መምህሩ ሁሉን ማየት ስለማይችል የክፍል አለቃ ይሾማል፤ የሚሾመውም ብዙ ጊዜ ሌሎቹ የሚፈሩት ልጅ ነው፤ ጸጥታ ቶሎ ይገኛልና። አለቃው መምህሩ በወጣ ጊዜ የሚረብሹትን ልጆች ስም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ስሙን ላለማስጻፍ እርሳሱን የሚሰጥ፤ ዳቦውን የሚያካፍል ልጅ ይበዛል። የአለቃው ወዳጆች ቢጮኹ ስማቸው አይጻፍም፤ ወዳጅ የሌለው ልጅ ዝም ቢል እንኳ ይጻፋል። የዐሥር ዓመት ልጅ በዚህ ወንበር ሁለት ዓመት ከተቀመጠ፤ ሰዎች ስለ ሥልጣኑ የሚሰጡትን ፈገግታ ስለ ራሱ የተሰጠ ፍቅር አድርጎ መቍጠር ይለምዳል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የሚሆነውን ሹማምንት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ካህናት ዘወትር እንደሚያነቡት፤ ንጉሥ ሮብዓም በአባቱ ፊት የቆሙትን ሽማግሌዎች ምክር ትቶ አብረውት ያደጉትን ብላቴኖች በሰማ ጊዜ ዐሥሩ ነገድ ተለይተውታል። ብላቴኖቹ ምናልባት ይወዱት ይሆናል፤ ነገር ግን እርሱ ሊሰማ የወደደውን መልሰው ነገሩት። አብሮ ማደግ ሰውን ለማወቅ ይረዳል፤ የሚረዳው ግን ያወቅነውን በትክክል ስንመሰክር ነው። ስለዚህ አንድ ሹም ስለ ሠራተኛ ምስክርነት ሲቀበል «ሁሉ ይወደው ነበር» በሚለው ቃል ላይ ሁለት ጥያቄ ቢጨምር መልካም ነው፤ የተጣሉ ልጆች ወደ ማን ይሄዱ ነበር? እርሱስ በተሳሳተ ጊዜ የሚነግረው ወዳጅ ነበረውን? መስካሪው ለእነዚህ መልስ ካጣ፤ የሚያውቀው የሰውየውን ስም እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ለመምህራንም የምናሳስበው ነገር አለ። የክፍል አለቅነት በየወሩ በተራ ቢዞር፤ ስም የመጻፍ ሥራም ጭራሽ ቢቀር፤ ክፍሉ ለጥቂት ሳምንት ይጮህ ይሆናል እንጂ የሚጐዳ ነገር አይመጣም። ደግሞ ያዕቆብ ሞሬኖ የሚባለው ሐኪም በ1934 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፉ ለዓለም ያስታወቀውን ቀላል ዘዴ መሞከር ይቻላል። መምህሩ ዓመቱ ከተዠመረ ከሁለት ወር በኋላ ለያንዳንዱ ልጅ ብጣሽ ወረቀት ይስጥ፤ ልጁም አጠገቡ ሊቀመጥ የሚወደውን የሦስት ጓደኛ ስም ይጻፍ። ወረቀቱን መምህሩ ብቻ ይየው፤ በክፍልም አይነበብ፤ ለወላጅም አይነገር። ስሙን አንድ ልጅ እንኳ ያልጻፈው ልጅ የተገኘ እንደ ሆነ፤ እርሱ ራሱ ስማቸውን ከጻፋቸው ከሦስቱ መካከል ጠባዩ ለስላሳ ከሆነው አጠገብ ያስቀምጠው፤ በሰኔ ወርም ያንኑ ጥያቄ እንደ ገና ይጠይቅ።