የምድር እምቧይ የውሻ ንክሻ መድኃኒት አይደለም

በወይና ደጋ መንደሮች ክረምቱ ሲገባ የምድር እምቧይ ከአጥር ሥር ብቅ ይላል። ሐረጉ መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ቁጥቋጦ ካገኘ ግን ከቅጠሉ ብብት የሚወጣው ቀጭን ክር ጭራሮውን ጥምጥም አድርጎ ይይዝና ተክሉ ሽቅብ ይወጣል። አበባው ትንሽና ቢጫ ነው። ሞላላዋ ፍሬ ዙሪያዋን እሾህ ለብሳ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ስትበስል ወደ ቢጫ ትለወጣለች፣ የልጆችንም ዓይን ትስባለች። ምሬቷ የሚመጣው ኩከርቢታሲን ከተባሉ ውህዶች ሲሆን በዛ ካሉ ያስመልሳሉ፣ ያስቀምጣሉ።

ለመድኃኒት የሚፈለገው ሥሩ ነው። ደርቆ ይወቀጥና ሆዱን ለቆረጠው፣ ያበደ ውሻ ለነከሰውም ሰው በጥብጠው ይሰጡታል። የሆድ ቁርጠቱ ጉዳይ ሊያከራክር ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ለክርክር ጊዜ አይሰጥም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ እምነቱ እንዴት ጸና? የሚናከስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ባበደ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም። በዚያ ላይ ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል አንጎል እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። ሥሩን ጠጥቶ ሳምንታት በሰላም ያለፉለት ሰው «ዳንኩ» ቢል አይፈረድበትም። ክትባቱ የሚያድነው ግን በእነዚያው ሳምንታት ነበር፤ የሚያንገበግበውም ይህ ነው።

መድኃኒት አዋቂዎችን መውቀስ የትም አያደርስም። የገጠር ሰው ሲነከስ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ እነሱ ደጅ ነው፤ ይሰማቸዋልም። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ መሄድ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። ይህ ምክር ከአዋቂው አፍ ቢወጣ ከግድግዳ ማስታወቂያ ይልቅ ሰው ያድናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከአዋቂዎቹ ጋር ቁጭ ብለው መነጋገር አለባቸው።

ተክሉም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ዕጣ ይገባዋል። ሥሩ ከተነቀለ ተመልሶ አይበቅልም፤ የድንጋይና የቆርቆሮ አጥር ሲበዛም መብቀያው ይጠፋል። የምድር እምቧይ የኪያርና የሜሎን ዘመድ ነው፤ ሦስቱም ኩኩሚስ በሚባለው ወገን ይመደባሉ። የአትክልት ሥር እያሳበጡ ምርት የሚቀንሱትን ኔማቶድ የተባሉ ጥቃቅን ትሎች እንደሚቋቋም ተመራማሪዎች ካወቁ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከሜሎን ጋር ማዳቀሉ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ በመስኖ አትክልት የሚያለማ አገር እንዲህ ያለውን ተክል በየመንደሩ ሊያጣው አይገባም።

የጓሮውን አረም የሚመነጥር ሰው ልጆች የማይደርሱበት ጥግ ላይ አንድ ሁለት የምድር እምቧይ ይተው። የግብርና ተመራማሪዎችም ፍሬው ቢጫ ሲሆን ዘሩን ከየአካባቢው ይልቀሙ፤ ለዚህ ሥሩን መቆፈር አያስፈልግም።